ጭቃን ያከበሩ አርክቴክት፦ የሐሰን ፈትሒ ሕይወት

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ለዕረፍት ወደ ቤተሰብ ስንሄድ ከአዳማ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድ ኩየራን ያሳልፈናል። በመንገዱ ዳርና ዳር ሁለት ዓይነት ቤት ይታያል። አንደኛው በባሕር ዛፍ ቋሚ የቆመ፣ በጭድ በቦካ ጭቃ የተመረገና ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ነው። ሁለተኛው በብሎኬት ተጀምሮ፣ ፌሮው ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ፣ የሲሚንቶ ገንዘብ እስኪገኝ የሚጠብቅ ቤት ነው። ብዙዎቻችን ያደግነው በመጀመሪያው ውስጥ ነው። ግቢ ገብተን ጓደኛ ስናፈራ ግን ቤታችን የጭቃ መሆኑን ለመናገር አፋችን ይያዛል። አባትና እናቶቻችንም ጭቃውን ተገላግለው ብሎኬት ውስጥ ለመግባት ዕድሜያቸውን ሙሉ ይቆጥባሉ።

በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው ከሀብታም ቤት ተወልደው ጭቃን ፍለጋ የወጡ ናቸው። ሲሚንቶና ብረት የሥልጣኔ ምልክት ተደርጎ በሚታይበት ዘመን ድሃ በእግሩ ሥር ካለው አፈር የሚያምርና የሚቀዘቅዝ ቤት መሥራት እንደሚችል በተግባር አሳይተዋል። በሕይወታቸው ትልቁን ሥራ በጀመሩበት ቦታም ትልቁን ውድቀት አይተዋል። ሐሰን ፈትሒ ይባላሉ፤ ግብፃዊ አርክቴክት ናቸው። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ገጠርን በወሬ ያወቀ ልጅ

ሐሰን ፈትሒ በመጋቢት 1900 በእስክንድርያ ከተማ ተወለዱ። ቤተሰቡ ብዙ የእርሻ መሬት የነበረው ቢሆንም ኑሮው በከተማ ነበር። አባታቸው ገጠርን የዝንብ፣ የትንኝና የቆሸሸ ውሃ ቦታ አድርገው ስለሚያዩት ልጆቻቸውን ወደዚያ አይወስዱም ነበር። እናታቸው ግን በልጅነታቸው ገጠር ኖረዋል። ከኋላቸው ትከተላቸው ስለነበረች ጠቦት፣ ስለ ዶሮዎችና ስለ እርግቦች፣ ሰው የሚያስፈልገውን ሁሉ በገዛ እጁ ስለሚያዘጋጅበት ኑሮ ለልጃቸው ያጫውቱ ነበር። ልጁ በእነዚህ ሁለት ሥዕሎች መካከል አደገ። አንደኛው የአባት ጥላቻ፣ ሌላው የእናት ናፍቆት ነበር። ገጠሩን በዓይኑ ያየው ግን ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላ ነው።

ሐሰን መጀመሪያ ሊማሩ የፈለጉት ግብርና ነበር። ይሁንና የከተማ ልጅ ስለነበሩ ስለ ሰብል ሲጠየቁ መመለስ አቅቷቸው የመግቢያ ፈተናውን ወደቁ። ስለዚህ ሕንፃ ሥራ ተማሩና ዛሬ የካይሮ ዩኒቨርሲቲ ከሚባለው ተቋም በ1926 ተመረቁ። ፈተና ወድቆ ያልፈለገው ትምህርት ክፍል የተመደበ ሁሉ ይህችን ነጥብ ልብ ይበላት! አላህ የሚከፍተው በር ሁልጊዜ እኛ ያንኳኳነው አይደለም።

ከምረቃ በኋላ የመጀመሪያ ሥራቸው በናይል ደልታ ውስጥ በምትገኘው ጣልኻ በምትባል ትንሽ ከተማ ትምህርት ቤት ማሠራት ነበር። የከተማዋ ቆሻሻና የነዋሪዎቿ ድህነት ሆድ ስለባሳቸው በመሐሏ ማለፍን ይሸሹ እንደነበር ኋላ ራሳቸው ጽፈዋል። ብዙም ሳይቆዩ ሥራውን ለቀቁ። ከዚያ ወደ ገዛ ቤተሰባቸው እርሻ ሄዱ። እዚያ ያዩት ደግሞ የባሰ ነበር። ለቤተሰባቸው የሚያርሱ ገበሬዎች በጨለማና በዝቅተኛ ጎጆዎች ተጨናንቀው ይኖሩ ነበር። የጣልኻን ድህነት በመንግሥት ማሳበብ ይቻል ይሆናል፤ የዚህ እርሻ ድህነት ግን የራሳቸው ቤት ዕዳ ነበር። ወላጆቻቸውን ለምነው እርሻውን እንደገና እንዲሠሩ ፈቃድ አገኙ።

ችግሩ ጣሪያው ነበር

ለድሃ ገበሬ ቤት መሥራት ሲታሰብ ግድግዳው አያስቸግርም። የግብፅ ገበሬ ከጥንት ጀምሮ የአባይን ደለል ከጭድ ጋር አቡክቶ፣ በቅርጽ እያወጣ፣ በፀሐይ እያደረቀ ጥሬ ጡብ ሲሠራ ኖሯል። የሚያስቸግረው ጣሪያው ነው። ግብፅ እንጨት የላትም፤ ጠርብ ከውጭ ይመጣል። ብረትና ሲሚንቶም እንደዚያው ነው። ስለዚህ ገበሬው ግድግዳውን በነፃ ሠርቶ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ኪሱ ያቅተዋል። የእኛ አገር ሰው ጭቃውን በደቦ ጨርሶ ለቆርቆሮው በሬ እንደሚሸጠው ማለት ነው።

ሐሰን ፈትሒ ይህን ጥያቄ ይዘው ዓመታት ቆዩ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ጥያቄው አጣዳፊ ሆነ፤ ብረትና እንጨት ጠፋ። በዚያ ጊዜ ከካይሮ በስተሰሜን ባሕቲም በሚባል ቦታ ለአንድ የግብርና ማኅበር የእርሻ ቤቶች እንዲሠሩ ታዘው ነበር። ጥንታውያን ያለ እንጨት በጡብ ብቻ ጣሪያ ይሠሩ እንደነበር ያውቁ ስለነበር ግድግዳውም ጣሪያውም በጥሬ ጡብ እንዲሆን አደረጉ። ግንበኞቹ ሞከሩ። ጣሪያው ፈረሰ። እንደገና ሞከሩ፤ እንደገና ፈረሰ። ጡቡ እስኪያያዝ ከሥር የሚደግፈው የእንጨት ቅርጽ ከሌለ ማቆም አልተቻለም፤ እንጨት ካለ ደግሞ ከመጀመሪያውም ጡብ ባላስፈለገ ነበር።

መፍትሔው የመጣው ከወንድማቸው ነው። በአስዋን ግድብ ሥራ ላይ የነበሩት ታላቅ ወንድማቸው፣ የኑቢያ ሰዎች ያለ ምንም ድጋፍ ክብ ጣሪያ እንደሚሠሩ ነገሯቸው። የካይሮ ምሁራን መጻሕፍት ያልያዙትን ዕውቀት ያልተማረ የሚባለው የደቡብ ገበሬ ይዞት ነበር።

ጉዞ ወደ አስዋን

በየካቲት 1941 ሐሰን ፈትሒ ከሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎቻቸው ጋር ወደ አስዋን ወረዱ። ከተማዋ ራሷ ምንም አዲስ ነገር አላሳየቻቸውም። ወንዙን ተሻግረው ገርብ አስዋን ወደሚባለው መንደር ሲገቡ ግን የዓመታት ጥያቄያቸው ተመለሰ። ሰፋፊ፣ ንጹሕና በየራሳቸው መልክ ያጌጡ ቤቶች ተሰልፈው ቆመዋል። ሁሉም የጭቃ ናቸው። ጣሪያቸውም ከጭቃ ጡብ የተገነባ ቅስት ነው።

በአስዋን የጥንት መቃብር ስፍራ ደግሞ ከፋጢሚዮች ዘመን ጀምሮ የቆሙ የጥሬ ጡብ ቁባዎችን አዩ። ሉክሶር ሲደርሱ በራምሲስ ሁለተኛ ቤተ መቅደስ አጠገብ ያሉትን የእህል ጎተራዎች ተመለከቱ። የጭቃ ጡብ ቅስቶቻቸው ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ፀሐይና ንፋስ ችለው ቆመዋል። ጭቃ አይበረክትም የሚለው ወሬ እዚያው ዋጋ አጣ።

ከዚያ ዕውቀቱን በእጃቸው የያዙትን ሰዎች ፈለጉ፤ ቦግዳዲ አሕመድ ዐሊ የሚባሉ ግንበኛ አገኙ። የአስዋን ግንበኞች ወደ ባሕቲም መጥተው የአንድ ክፍል ጣሪያ በአንድ ቀን ተኩል ገደማ ጨረሱ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰው አርክቴክት ከግንበኞቹ ሥር ተቀምጦ ተማረ። ሐሰን ፈትሒ ይህን በሕይወታቸው ሙሉ አልደበቁም። በመጽሐፋቸው የግንበኞቹን ስም እየጠሩ አመስግነዋቸዋል። ዕውቀትን ከየትም ይምጣ ከባለቤቱ ተቀብሎ ለባለቤቱ ማመስገን የእውነተኛ ተማሪ አደብ ነው።

ጣሪያው ያለ ድጋፍ እንዴት ይቆማል?

የምህንድስና ተማሪዎች ይህን ሳናብራራ ብናልፍ ይቀየሙናል። ጭቃ ሲጫኑት ይችላል፤ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል። በጠፍጣፋ ጣሪያ የታችኛው ገጽ ስለሚሳብ በኮንክሪት ውስጥ ብረት የሚገባው ለዚህ ነው። ስለዚህ በጭቃ ብቻ ጣሪያ ለመሥራት ክብደቱ ሁሉ በመጫን ብቻ ወደ ግድግዳው የሚወርድበት ቅርጽ ያስፈልጋል። በሁለት እጅ የተያዘ ሰንሰለት ወደ ታች ሲንጠለጠል የሚሠራውን መስመር ገልብጡት፤ ቅርጹ ያ ነው።

የኑቢያው ግንበኛ ሒሳቡን አይጽፍም፤ በዓይኑ ነው የሚለካው። በክፍሉ ጫፍ ያለውን ግድግዳ ከሌሎቹ ከፍ አድርጎ ይሠራና በላዩ ላይ ቅስቱን በጭቃ ይሥላል። ለጣሪያ የሚሆነው ጡብ ቀለል እንዲል ጭድ ይበዛበታል፤ ውፍረቱም 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጭቃ በደንብ እንዲይዘው ጡቡ ሳይደርቅ ገጹ ላይ በጣት መስመር ይሰመርበታል። የመጀመሪያው የጡብ ረድፍ ወደ ጫፉ ግድግዳ ዘመም ብሎ ይደገፋል፤ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ፣ ሦስተኛው በሁለተኛው ላይ ይደገፋል። እንዲህ እያለ እያንዳንዱ ረድፍ ከኋላው ባለው ተይዞ ጣሪያው እስከ ክፍሉ መጨረሻ ይሄዳል። ቁባውም እንደዚሁ ነው። በአራቱ ማዕዘን ላይ ትናንሽ ቅስቶች ካሬውን ወደ ክብ ይቀይሩታል፤ ከዚያ ክቡ ቀለበት በቀለበት እየጠበበ ይነሳል። አንድ ቀለበት ከተዘጋ ወደ ውስጥ ሊወድቅ አይችልም።

የ164 ፓውንዱ ቤት

ትምህርቱ እጃቸው ከገባ በኋላ አንድ ፈተና መጣ። በካይሮ አቅራቢያ ያለች ኢዝበት አልበስሪ የምትባል የድሆች መንደር በጎርፍ ጠፋች። የግብፅ ቀይ ጨረቃ ማኅበር ቤት ሊሠራላቸው ሲነሳ ሐሰን ፈትሒ ለናሙና አንድ የጭቃ ቤት ሠሩ። ወጪው 164 የግብፅ ፓውንድ ብቻ ሆነ። ያዩት ሁሉ አደነቁ። ውሳኔው ሲመጣ ግን ቤቶቹ በኮንክሪት እንዲሠሩ ተደረገ፤ የእሳቸው ቤትም ከሌሎቹ ጋር አይመሳሰልም ተብሎ ኋላ ፈረሰ። ርካሽ መሆን በራሱ ወንጀል የሆነበት ጊዜ ነበር። ሥራ ተቋራጭ የሚያተርፈው ከሲሚንቶና ከብረት ነው፤ ገበሬው ከጓሮው ከሚቆፍረው አፈር የሚያተርፍ ነጋዴ የለም።

ጉርና፦ ያልተጠየቁ ሰዎች መንደር

በ1945 የግብፅ የቅርስ መሥሪያ ቤት ትልቅ ሥራ ሰጣቸው። በሉክሶር ከወንዙ በስተምዕራብ ጉርና በሚባል ኮረብታ ላይ ወደ 7,000 የሚጠጉ ሰዎች በጥንት መኳንንት መቃብሮች ላይ ቤት ሠርተው ይኖሩ ነበር። ብዙዎቹ ኑሯቸው ከመቃብሩ ነበር፤ አንዳንዱ ቱሪስት ይመራል፣ አንዳንዱ ደግሞ በድብቅ ቅርስ ቆፍሮ ይሸጣል። ከአንድ ታዋቂ መቃብር የተቀረጸ ድንጋይ ተቆርጦ ሲሰረቅ መንግሥት ሕዝቡን ከኮረብታው አንስቶ ሜዳ ላይ ለማስፈር ወሰነ።

ሐሰን ፈትሒ አዲሲቱን ጉርና ለመሥራት ያላቸውን ሁሉ ሰጡ። የአስዋን ግንበኞችን አስመጥተው የአካባቢውን ወጣቶች በሥራው ላይ አሠለጠኑ። ቤቶቹ እንደ ወታደር ሰፈር አንድ ዓይነት እንዲሆኑ አልፈለጉም። እያንዳንዱ ቤተሰብ ስንት ልጅ፣ ስንት ከብት፣ ምን ዓይነት ሥራ እንዳለው እያዩ ለየብቻ ነደፉ። ሴቶች ውሃ ሲቀዱ የሚገናኙበት መንገድ ሳይቀር አሰቡ። መስጂድ፣ ገበያ፣ የወንዶችና የሴቶች ትምህርት ቤት፣ የእንግዳ ማረፊያና የትዕይንት አዳራሽ ቆሙ። ቁባና ልዩ ሚናራ ያለው መስጂዱ እስከ ዛሬ የመንደሩ ጌጥ ነው። ሐሰን ፈትሒ በውስጡ ጸጥታውንና ብርሃኑን እንደ ግድግዳው ሁሉ አስበው ሠርተውታል።

ነገር ግን ሥራው ከሁለት አቅጣጫ ተመታ። አንደኛው ቢሮክራሲ ነበር። ለቁሳቁስ ግዢ ፊርማ ፍለጋ ወራት ያልፋሉ፤ የሠራተኛ ደመወዝ ይዘገያል፤ በጀት ይቆረጣል። ሁለተኛውና ከባዱ የሕዝቡ ተቃውሞ ነበር። ጉርናዎች ከኮረብታው መነሳት አልፈለጉም፤ ከዚያ ወረዱ ማለት መተዳደሪያቸውን አጡ ማለት ነው። በአንድ የአባይ ሙላት ወቅት የመከላከያ ግድቡ በድብቅ ተቆርጦ በመንደሩ ላይ ውሃ ተለቀቀበት። ተረባርበው አዳኑት፤ ልብ ግን ተሰበረ። በ1948 ሥራው ተቋረጠ። ከታሰበው መንደር የተሠራው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ የተሠራውም ለረጅም ጊዜ የሚገባበት ሰው አጣ።

ሌላም ምክንያት ይነገራል። በግብፅ ገጠር ቁባ የሚሠራው በወልይ መቃብር ላይ ነው። ገበሬው በቁባ ሥር የሚተኛው ሞቶ እንጂ በሕይወት እያለ አይደለም። እኛም አገር ይህ እንግዳ አይሆንብንም። በባሌ ድሬ ሼህ ሁሴን ያሉትን ነጫጭ ቁባዎች፣ በሐረር ጀጎል ውስጥ የአሚር ኑርን አረንጓዴ ቁባ ያየ ሰው ቁባን ከመቃብር ጋር ያያይዘዋል። ሐሰን ፈትሒ ለሕዝቡ የሚያምር ነገር እየሠሩ ሳለ ሕዝቡ ያየው መቃብር ከሆነ፣ ጥፋቱ የጭቃው አይደለም። ሰውየው ስለ ቤቱ ውስጥ ተጠየቀ፤ ወደ ቤቱ መግባት ይፈልግ እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀውም። ያንን ውሳኔ መሥሪያ ቤቱ አስቀድሞ ወስኖለት ነበር።

ስደትና በረሃ

ከጉርና በኋላ በአገራቸው ሰሚ አጡ። በ1957 ወደ አቴንስ ሄደው ከግሪካዊው የከተማ ፕላን ባለሙያ ዶክሲያዲስ ጋር ሠሩ። በኢራቅ ፕሮጀክቶች ተሳተፉ፤ የአፍሪካ ከተሞችንም አጠኑ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ካይሮ ተመለሱ። በዚያው ዘመን ብዙ የኑቢያ መንደሮች በታላቁ የአስዋን ግድብ ውሃ ተዋጡ። የጭቃ ቅስቱ ጥበብ የኖረባቸው ቤቶች ከነጌጣቸው ጠፉ። ሕዝቡም ተነቅሎ ወደ ኮም ኦምቦ ሜዳ ወረደ።

ሁለተኛው ታላቅ ሥራቸው የመጣው ከምዕራብ በረሃ ነው። ከኻርጋ ኦአሲስ በስተደቡብ የከርሰ ምድር ውሃ በመገኘቱ አዲሲቱ ባሪስ የምትባል የገበሬ መንደር እንዲነድፉ ተጠየቁ። እዚያ የበጋ ፀሐይ ያቃጥላል፤ ማቀዝቀዣ ማሽን የሚያንቀሳቅስ ኤሌክትሪክም አልነበረም። ገበሬው ያመረተው አትክልት መኪና እስኪመጣ እንዳይበሰብስ ምን ይደረግ? ሐሰን ፈትሒ መልሱን ከጥንታዊው የካይሮ ቤት ወሰዱ። መልቀፍ የሚባለው የንፋስ ማማ ቀዝቃዛውን ንፋስ ከላይ ይዞ ወደ ታች ይልካል። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ ሳያሳልፍ ያቆየዋል። ጠባብ መንገድና የውስጥ ግቢ ጥላ ይሰጣል። በገበያው ሥር የሠሩት መጋዘን በዚህ ዘዴ ብቻ ከውጭው አየር በ15 ዲግሪ ያህል ቀዝቅዞ ተገኘ።

የ1967ቱ ጦርነት መጣና ሥራው ተቋረጠ። ባሪስም እንደ ጉርና ሳትጠናቀቅ ቀረች። ሰው አልሰፈረባትም።

ሙቀቱ ሲለካ

ሐሰን ፈትሒ የጭቃን ቅዝቃዜ በስሜት ብቻ ቢናገሩ ኖሮ ማንም ባልሰማቸው። በ1964 በካይሮ የሕንፃ ምርምር ማዕከል ግቢ ውስጥ በልዩ ልዩ ቁሳቁስ የተሠሩ ትናንሽ የሙከራ ቤቶች ተሠርተው ሙቀታቸው ተለካ። በጥሬ ጡብ የተሠራው ቤት ውስጣዊ ሙቀት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ2 ዲግሪ በላይ አልተለዋወጠም። ተገጣጣሚ ኮንክሪት የሆነው ቤት ግን እስከ 36 ዲግሪ ደረሰ። ይህ ከጭቃው ቤት በ13 ዲግሪ፣ ከውጭው አየር ደግሞ በ9 ዲግሪ ይበልጣል። ውጭ ተቀምጦ መዋል ቤት ከመግባት ይሻል ነበር ማለት ነው! አዳማ ላይ በሚያዝያ ቀትር ብሎኬትና ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ለፈተና ያጠና ሰው ይህን ለማመን ቁጥር አያስፈልገውም።

ዓለም ሲሰማቸው

የጉርናን ታሪክ ከነውድቀቱ የጻፉበት መጽሐፍ በ1969 በካይሮ፣ በ1973 ደግሞ በአሜሪካ በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታተመና በዓለም ዙሪያ በአርክቴክቸር ተማሪዎች እጅ ገባ። በ1980 የአጋ ኻን የአርክቴክቸር ሽልማት የሊቀ መንበሩን ልዩ ሽልማት ሰጣቸው። አማራጭ ኖቤል ተብሎ የሚታወቀው ሽልማትም በዚያው ዓመት ሲጀመር ከመጀመሪያዎቹ ተሸላሚዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ። በ1984 የዓለም አቀፉ የአርክቴክቶች ኅብረት የወርቅ ሜዳሊያውን አበረከተላቸው።

ዕድሜያቸው 80 ሲያልፍም እጃቸውን አላጠፉም። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ግዛት አቢኪዩ በሚባል በረሃማ ስፍራ ዳር አል ኢስላም የተሰኘ የሙስሊሞች ማኅበረሰብ መንደር ሊመሠርት ሲነሳ ሁለት የኑቢያ ግንበኞችን ይዘው ሄዱ። ሰው በተሰበሰበበት ቅስትና ቁባ እየገነቡ አስተማሩ። የታሰበው መንደር ባይሠራም መስጂዱና መድረሳው ዛሬም እዚያ ኮረብታ ላይ አሉ። የአስዋን ገበሬ ዕውቀት ውቅያኖስ ተሻግሮ የሙስሊሞች መስገጃ ሆነ።

የመጨረሻ ዓመታታቸውን ያሳለፉት በካይሮ ከሱልጣን ሐሰን መስጂድ ብዙም ሳይርቅ በሚገኝ ደርብ አል ለባና በሚባል ሰፈር፣ በአንድ ጥንታዊ ቤት ውስጥ ከድመቶቻቸውና ከተማሪዎቻቸው ጋር ነበር። ለድሃው ሲታገሉ ሀብት አላካበቱም። በኅዳር 30 ቀን 1989 በተወለዱ በ89 ዓመታቸው ወደ አኺራ ሄዱ። አላህ ይዘንላቸው።

አዲሲቱ ጉርና ዛሬ በከፊል ፈርሳለች፤ ብዙ ቤቶቿ በኮንክሪት ተተክተዋል። በ2010 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብታ ቀሪውን ለማዳን ሥራ ተጀምሯል።

ከኩየራ ሲታይ

ይህን ታሪክ አንብበን ነገ ኩየራ ላይ ቁባ እንሥራ አንልም። በመጀመሪያ ኩየራ በረሃ አይደለችም፤ ክረምቷ ዝናብ ነው። ጣሪያው የጭቃ የሆነ ቤት ለደረቅ አገር እንጂ ለሐምሌ ዝናብ አይሆንም። ሁለተኛ የምንኖረው በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ነው። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ በፈንታሌ አካባቢ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ አዳማም አዲስ አበባም ድረስ ተሰምቷል። በ2003 የኢራኗ ባም ከተማ ስትናወጥ ጥሬ ጡብ ቤቶቿ ተደርምሰው ከ26,000 በላይ ሰው አልቋል። ኢራናዊው አርክቴክት ናደር ኸሊሊ አፈርን በከረጢት ሞልተው፣ በየረድፉ መሃል እሾሃማ ሽቦ እያስገቡ ቁባ የሠሩት ይህንኑ አደጋ ለመቋቋም ነው። የእኛ የጭቃ ቤት ደግሞ የእንጨት አጥንት ስላለው ከጥሬ ጡብ ይልቅ እንደሚወዛወዝ ሸምበቆ ነው። የሲቪል ምህንድስናና የአርክቴክቸር ተማሪዎቻችን ይህን የመመረቂያ ጥናታቸው ቢያደርጉት ለአካባቢያችን ትልቅ ኸይር ነው። ምስጡን እንዴት እንከላከል? የግድግዳው እግር ከእርጥበት እንዴት ይጠበቅ? ቆርቆሮው ሥር ሙቀት የሚከለክል ምን ይግባ? እነዚህ ከመጽሐፍ የሚገለበጡ ጥያቄዎች አይደሉም።

ከሐሰን ፈትሒ ሕይወት የምንወስደው ከቅርጹ ይልቅ መንገዳቸውን ነው። መጀመሪያ ዕውቀቱ ያለበትን ሄደው ጠየቁ። እኛም ጭቃ ስንት ቀን ቢቦካ እንደሚጠነክር፣ የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ የጤፍ ጭድ ከስንዴ ጭድ በምን እንደሚለይ የሚያውቁ እናቶችና አያቶች አሉን። ቤቱን ሲመርጉና ሲለስኑ የኖሩት እነሱ ናቸው። በአፋር ደግሞ ክብ ቤቱን አቁመው፣ ሲሄዱም ነቅለው በግመል የሚጭኑት ሴቶች ናቸው። ይህ ዕውቀት ወረቀት ላይ ሳይሰፍር ከእነሱ ጋር ወደ መቃብር እየወረደ ነው።

ቀጥሎ የጉርና ትምህርት አለ። ነገ ከመካከላችን አንዱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም ድርጅት ውስጥ ገብቶ ለተፈናቃይ ወይም ለልማት ተነሺ ቤት ይነድፍ ይሆናል። ፕላኑ ቢያምር፣ ልቡ ቢቀና እንኳ ሰውየው መነሳት ይፈልግ እንደሆነ፣ ከተነሳም በምን እንደሚተዳደር ካልተጠየቀ ቤቱ ባዶውን ይቀራል። ሐሰን ፈትሒን የሚያህል ሰው ለድሃ እየሞተ እንኳ ይህ ደርሶበታል።

በመጨረሻም ሐፍረቱን እንተው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) መዲና ሲገቡ የሠሩት መስጂድ ግድግዳው ጥሬ ጡብ፣ ምሰሶው የተምር ግንድ፣ ጣሪያው የተምር ዝንጣፊ ነበር። ጡቡንም ከሶሐቦቻቸው ጋር አብረው ተሸክመዋል። ባለቤቶቻቸው የኖሩባቸው ክፍሎችም ከዚያ የተለዩ አልነበሩም። የዓለም ታላቁ ዑማ የተነሳው ከጭቃ ግድግዳ ሥር ነው።

በሚመጣው ዕረፍት ቤት ስትደርሱ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ግድግዳውን መቼና በምን እንደመረጉት ጠይቁና ጻፉ። ጽሑፋችሁን ለዝግጅት ክፍላችን ብታመጡልን በሚቀጥለው ዕትም እናወጣዋለን፣ ኢንሻአላህ።